ረጅሙ ሰው ይመለስ ወይስ ይቅር?

በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ ከ1993 መገባደጃ እስከ 1994 መገባደጃ ባለው አንድ ዓመት ገደማ ውስጥ እምብዛም ያልተለመደ ነገር ተፈጸመ። ቀደም ሲል አንድን ተጫዋች በየተራ ለሌላ አሳልፈው የሰጡ ወይም ያሰናበቱ ሦስት ቡድኖች፣ አሁንም በየተራ፣ ያንኑ ሰው መልሰው ጠሩት። ዋሽንግተን ለሁለት ጨዋታ አሰለፈው፤ ፊላዴልፊያ ለአራት፤ ጎልደን ስቴት ለአምስት። ሰውዬው 2 ሜትር ከ31 ሳንቲ ሜትር የሚረዝመው የደቡብ ሱዳኑ ማኑት ቦል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ከጀበል ኩጁር ግርጌ አንሥቶ እስከ ነጭ ዓባይ ዳርቻ በተዘረጋችው ጁባ ለሚኖር ሰው፣ ኢትዮጵያዊም ይሁን የአገሬው ተወላጅ፣ የቅርጫት ኳስ ነገር ሩቅ መሆኑ ከቀረ ሰንብቷል። በጁላይ 2024 የደቡብ ሱዳን ብሔራዊ ቡድን ለንደን ላይ ከአሜሪካ ጋር ለወዳጅነት ተጋጥሞ 101 ለ100 በሆነ ውጤት፣ በአንዲት ነጥብ ብቻ ሲሸነፍ፣ ሽንፈቱ ከብዙ ድል በላይ ተወርቶለታል። የዚያ ቡድን የትውልድ ሐረግ ወደ ኋላ ቢቆጠር የሚያደርሰው ማኑት ቦል ዘንድ ነው። ስለዚህ «የቀድሞውን ረጅም ሰው እንመልሰው ወይስ ይቅር?» የሚለው ጥያቄ፣ የትኛውም ቡድን ውድድር በቀረበ ቁጥር የሚያነሣው ጥያቄ፣ በማኑት ታሪክ ቢመረመር መልሱ ከሚጠበቀው ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ማኑት የተወለደው በቱራሌይ አካባቢ ከዲንካ ሕዝብ ነው። በመዝገብ የሰፈረው የልደት ቀኑ ኦክቶበር 16 ቀን 1962 ይላል፤ ነገር ግን በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ የተቀበለው አሠልጣኝ ኬቨን ማኪ፣ የልደቱን ቀን ራሱ ገምቶ እንደሞላለት ከብዙ ዓመታት በኋላ ተናግሯል። ልጅነቱን ያሳለፈው ከብት ሲጠብቅ ነው። ቅርጫት ኳስ የጀመረው በአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ሲሆን፣ መጀመሪያ በዋው፣ በኋላም በካርቱም ተጫውቷል። በካርቱም ከደቡብ በመምጣቱ የደረሰበትን ንቀት ዕድሜ ልኩን አልረሳውም። በ1982 ዶን ፊሊ የተባለ አሜሪካዊ የሱዳንን ብሔራዊ ቡድን ለማሠልጠን መጣና ይህን ረጅም ወጣት አየ፤ አይቶም ወደ አሜሪካ እንዲሄድ ገፋፋው። እንደሚነገረው በፓስፖርቱ ላይ የሰፈረው ቁመት አምስት ጫማ ከሁለት ኢንች ነበር፤ መዝጋቢው ሹም የለካው ተቀምጦ ሳለ ነዋ!

የፓስፖርቱ ነገር ያስቃል። የዕድሜው ነገር ግን ቁም ነገር አለበት፤ አንድ ቡድን የቀድሞ ተጫዋቹን ሊመልስ ሲያስብ አስቀድሞ የሚያሰላው ዕድሜን ነውና። በ1994 ማኑትን መልሰው የጠሩት ሰዎች የ31 ወይም የ32 ዓመት ሰው ጠራን ብለው ነበር። በእርግጥ የስንት ዓመት ሰው እንደጠሩ ግን የመዝገቡ ቀን ብቻውን አይነግራቸውም ነበር።

ሳንዲያጎ የነበረው የክሊፐርስ ቡድን በ1983 ገና ሳያየው መረጠው። አሠልጣኙ ጂም ላይናም ነበር፤ ይህ ስም ወደ ፊት ይመለሳልና አንባቢ ልብ ይበለው። ሊጉ ምርጫውን ሳይቀበለው ስለቀረ ማኑት እንግሊዝኛ እየተማረ ቆየ፤ በ1984 እና በ1985 መካከል በብሪጅፖርት ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ፤ በ1985ም ዋሽንግተን በ31ኛ ተራ ወሰደው።

ለመሆኑ የረጅሙ ሰው ሥራ ምንድን ነው? በቅርጫት ኳስ አምስት ሰው ይሰለፋል። ከአምስቱ አንዱ፣ ሴንተር የሚባለው፣ ቅርጫቱ ሥር ቆሞ ደጅ ጠባቂ ይሆናል። የተሳተውን ኳስ ይለቅማል፣ ወደ ቅርጫት የተወረወረውን በአየር ላይ ያመክናል። የደጅ ጠባቂ ዋጋ ደግሞ በመለሳቸው ሰዎች ቁጥር ብቻ አይለካም፤ እርሱን አይተው ጭራሹን ሳይመጡ የቀሩትም ይቆጠሩለታል። ማኑት በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ በ80 ጨዋታ 397 ኳስ አመከነ፤ በአማካይ በየጨዋታው አምስት ያህል ማለት ነው። ለጀማሪ ተጫዋች ይህን ያህል ከእርሱ በፊት አልታየም፤ ከእርሱም በኋላ አልተደገመም። ሙሉ ዘመኑ ሲደመር 624 ጨዋታ፣ 2,086 የመከነ ኳስ፣ 1,599 ነጥብ ይሆናል። ከዘለግ ያለ የተጫዋችነት ዘመን በኋላ ያመከነው ኳስ ካስቆጠረው ነጥብ በልጦ የተሰናበተ ሰው በሊጉ ታሪክ እርሱ ብቻ ነው።

በአንጻሩ ክብደቱ ወደ ሊጉ ሲገባ 90 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነበር። ደንደን ያለ ተጋጣሚ በትከሻው ገፋ ሲያደርገው ከቅርጫቱ ሥር ይርቃል። ኳስ ይዞ ማጥቃትም ብዙ አልሆነለትም። ቡድኖቹ ተራ በተራ የለቀቁት በዚህ ነው፤ ዋሽንግተን በ1988 ለጎልደን ስቴት፣ ጎልደን ስቴት በ1990 ለፊላዴልፊያ አሳልፈው ሰጡት፤ ፊላዴልፊያም በ1993 ተሰናበተው። በመካከሉ የጎልደን ስቴቱ አሠልጣኝ ዶን ኔልሰን ሌላው አሠልጣኝ የማያስበውን አሰበ። ይህን ሰው ቅርጫቱ ሥር ከሚገፉት ለምን ራቅ ብሎ ቆሞ ባለሦስት ነጥቡን አይወረውርም? አለ። ማኑት በዚያ የውድድር ዘመን 91 ጊዜ ወርውሮ 20 አስገባ። ውጤቱ ደካማ ነው፤ ነገር ግን ረጃጅሞቹ ሴንተሮች ከርቀት መወርወራቸው ዛሬ እንደ ተራ ነገር በሚታይበት ጊዜ፣ የኔልሰን ሐሳብ ከዘመኑ ሠላሳ ዓመት ቀድሞ የመጣ መሆኑ ይታያል። በማርች 1993ም ማኑት በፊላዴልፊያ መለያ ከፊኒክስ ጋር ሲጋጠም በአንድ ግማሽ ብቻ ስድስት ባለሦስት ነጥብ አስገብቷል።

ወደ መመለሶቹ እንለፍ። ፊላዴልፊያ ካሰናበተው በኋላ ማያሚ ለስምንት ጨዋታ ያህል ሞከረውና ተወው። ያን ጊዜ ዋሽንግተን የመጀመሪያ ልጁን መልሶ ጠራ። የተሰለፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ከስታቲስቲክስ አኳያ ይህ መመለስ ከምንም አይቆጠርም። ሆኖም ቡድኑ በ1993 ጆርጅ ሙሬሳን የሚባል ሩማንያዊ መርጦ ነበር፤ ቁመቱ ከማኑት ጋር እኩል፣ 2 ሜትር ከ31። እንዲህ ያለውን አካል እንዴት አድርጎ በሜዳ ላይ እንደሚያንቀሳቅሱት፣ ከየት ቆመው ምን እንደሚጠብቁ፣ ተመልካች ሲያፈጥ እንዴት እንደሚችሉት የሚያስተምር አሠልጣኝ ከየት ይመጣል? በዓለም ላይ ይህን ከራሱ ኑሮ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ማኑት ነበር። ዋሽንግተን ውስጥ የማኑት ዋና ሥራም ሙሬሳንን ማገዝ ሆነ። ሙሬሳን በ1995–96 የውድድር ዘመን በሊጉ ከሁሉ የበለጠ መሻሻል ያሳየ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ፤ በዚያው ዘመንና በተከታዩም ከወረወረው ያስገባውን በመቶኛ በማስላት የሊጉ አንደኛ ሆነ። ያን ጊዜ አሠልጣኙ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው በ1983 ማኑትን የመረጠው ጂም ላይናም። በእርግጥ የሙሬሳን ዕድገት ሁሉ ለማኑት ይሰጥ ማለት ግነት ይሆናል፤ ላይናምም፣ የራሱ የሙሬሳን ድካምም አለበት። ቢሆንም በሁለት ጨዋታ የተመዘገበው መመለስ ትርፉ በሌላ ሰው ስም መጻፉ ሊካድ አይገባም።

የፊላዴልፊያው መመለስ አጭር ነው። እዚያም ሾን ብራድሊ የተባለ 2 ሜትር ከ29 የሚረዝም ጀማሪ ነበር፤ ማኑት አራት ጨዋታ ተጫውቶ የውድድር ዘመኑ አለቀ።

የጎልደን ስቴቱ ግን ልብ የሚሰብር ነው። በ1994 መገባደጃ ቡድኑ በውስጥ ጭቅጭቅ ይታመስ ነበር። ወጣቱ ግዙፍ ተጫዋች ክሪስ ዌበር ከኔልሰን ጋር አልስማማ አለ፤ ቅርጫቱ ሥር ሰው ጠፋ። ኔልሰን የድሮ ወዳጁን አስታወሰ። ማኑት መጣ፤ በደጋፊው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባም ሜዳው በጩኸት ተሞላ፤ እርሱም እንደ ጥንቱ ኳስ አመከነ፣ ከሩቅም ወርውሮ አስገባ። ለሁለት ሳምንት ያህል የቀድሞው ሰው በእርግጥ የተመለሰ መሰለ። ከዚያ በኖቬምበር ወር ሻርሎት ከተማ ላይ በመጀመሪያ ተሰላፊነት ገብቶ አሥር ደቂቃ እንደተጫወተ ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ በኤንቢኤ ሜዳ አልታየም። በፌብሩዋሪ 1995 ኔልሰን ሥራውን ለቀቀ፤ ማኑትም በዚያው ወር ተሰናበተ።

እዚህ ላይ «ይቅር» የሚሉት ወገኖች ክርክር ኃይል ያገኛል። የረጅም ሰው ጉልበትና እግር የሚሸከመው ከሌላው ይበልጣል፤ ሲያረጅም የሚያረጀው በአንድ ቀን ይመስላል። የኮንጎው ዲኬምቤ ሙቶምቦ ታሪክ ይህንኑ ይደግማል። የሒውስተን ቡድን በ2008 መጨረሻ መልሶ አስፈረመው፤ በኤፕሪል 2009 ከፖርትላንድ ጋር በተደረገ ጨዋታ ወድቆ እግሩ ተጎዳ፤ በዚያው መጫወት አቆመ። ታላላቆችን መልሶ መጥራት ለእኛም አዲስ አይደለም። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶን ኢትዮጵያ ቀነኒሳ በቀለን በ42 ዓመቱ መልሳ አሰለፈችው፤ 39ኛ ወጣ። ያንኑ ውድድር ክብረ ወሰን ሰብሮ ያሸነፈው ደግሞ በተጎዳው በሲሳይ ለማ ምትክ ከተጠባባቂነት የገባው ታምራት ቶላ ነበር። ቀነኒሳ እዚያ መሰለፉ ጥፋት ነበር ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን ስም አንድ ነገር፣ ኪሎ ሜትር ሌላ ነገር መሆኑን ያ ቀን አሳይቷል።

ከጉዳቱ ይልቅ የሚከፋ አንድ ሌላ ዓይነት መመለስ አለ፤ ለትርኢት መጠራት። ማኑትን ገና በጠዋቱ በ1987 ዋሽንግተን 160 ሳንቲ ሜትር ከሚሆነው ከመግሲ ቦግስ ጎን አቁሞት ነበር፤ የሁለቱ ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ደግሞ በ2002 በቴሌቪዥን ከአንድ የአሜሪካ እግር ኳስ ግዙፍ ጋር ቦክስ ገጠመ፤ በዚያው ዓመት የኢንዲያናፖሊስ የበረዶ ሆኪ ቡድን ለአንድ ምሽት አስፈርሞ መለያ አለበሰው። ያየ ሁሉ ሳቀ። ከሳቁት ብዙዎቹ ግን ገንዘቡ ለሱዳን ሕፃናት መዋሉን አላወቁም። ሰውዬው በተጫዋችነቱ ያገኘውን ሀብት፣ በተደጋጋሚ እንደተጻፈው 3.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለደቡብ ሱዳን ትግልና ለስደተኞች አውሎ ባዶ እጁን ቀርቶ ነበር። በኢታንግ፣ በፉኝዶና በዲማ መጠለያዎች እስከ 1991 ድረስ ስንት የደቡብ ሱዳን ሕፃን እንደኖረ ለሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ አንባቢ፣ ያ ገንዘብ ለምን ዓይነት ችግር እንደወጣ ማስረዳት አያስፈልግም። ቁመቱን ለሳቅ የሸጠ ሰው ሳይሆን ሳቁን ለእህል የለወጠ ሰው ነበር ቢባል እውነቱ ይኸው ነው። ቢሆንም ጠሪዎቹ የጠሩት ለዚያ አልነበረም፤ ስለዚህ ምስጋናው ለእነርሱ አይደርስም።

አገር ቤት መመለሱም ቢሆን ቀላል አልሆነለትም። በ1990ዎቹ ወደ ካርቱም በሄደ ጊዜ መንግሥት የስፖርት ሚኒስትርነት ሊሰጠው አሰበ፤ ሹመቱን ለመቀበል ግን እንዲሰልም ተጠየቀ፤ ክርስቲያን ነበርና እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ ከአገር መውጣት ራሱ ጭንቅ ሆነበት፤ በግብፅ በኩል አድርጎ በ2002 አሜሪካ የገባው እንደ ስደተኛ ነው። በ2004 ደግሞ በደረሰበት የመኪና አደጋ ክፉኛ ቆሰለ። እንዲህም ሆኖ በ2010 የትውልድ መንደሩ ቱራሌይ ላይ ትምህርት ቤት ለማሠራት ተመለሰ። ሳልቫ ኪር በኤፕሪሉ ምርጫ ምክንያት ጥቂት እንዲቆይ ስለጠየቁት ቆየ፤ ታመመ፤ ወደ አሜሪካ ተወስዶ ጁን 19 ቀን 2010 በቨርጂኒያ ሻርሎትስቪል አረፈ። በተመዘገበው ልደቱ 47 ዓመቱ ነበር። ጁባ ላይ የነጻነቱ ባንዲራ የተሰቀለው ከአንድ ዓመት ከ20 ቀን በኋላ፣ ጁላይ 9 ቀን 2011 ነው።

ከእነዚህ ሁሉ መመለሶች ፍሬ ያፈራው የቱ ነው ቢባል፣ በመለያ ቁጥር ያልተመዘገበው ነው። በዋው የተወለደው ሉዎል ዴንግ ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ ግብፅ ተሰደደ። በዚያ ማኑት ለሉዎልና ለወንድሞቹ ጨዋታውን ያስተምራቸው ነበር። ሉዎል ለንደን አደገ፤ በኤንቢኤ ሁለት ጊዜ የኮከቦች ጨዋታ ተሳታፊ ሆነ፤ የ2012ቱን ኦሎምፒክ ለታላቋ ብሪታንያ ተጫወተ። በ2019 የደቡብ ሱዳን ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ፣ እንደ ቀድሞ ተጫዋች ሜዳ ገብቶ ልጫወት ሊል ይችል ነበር። አላለም። አሠለጠነ፣ ከኪሱ አወጣ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ የተበተኑትን ልጆች እየደወለ ሰበሰበ። ቡድኑ በ2021 ኪጋሊ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ዋንጫ ታየ፤ በ2023 የዓለም ዋንጫ ከአፍሪካ ቡድኖች በልጦ ለፓሪስ አለፈ። ጁላይ 28 ቀን 2024 ከፖርቶ ሪኮ ጋር ሊጫወት ሲሰለፍ የሱዳን ብሔራዊ መዝሙር በስሕተት ተለቀቀ፤ ልጆቹ ትክክለኛው እስኪገኝ ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያም 90 ለ79 አሸነፉ። ማኑት በካርቱም የደረሰበትን ለሚያውቅ ያ ቅጽበት ትርጉሙ ሌላ ነው።

በዚያ ቡድን ውስጥ ኑኒ ኦሞት ይገኝበታል፤ ቤተሰቡ ከኢትዮጵያ ተሰዶ በኬንያ የስደተኞች መጠለያ የተወለደ፣ በሚኒሶታ ያደገ ልጅ። የተበተነውን መልሶ መሰብሰብ ሲባል ድንበሩ የት ላይ እንደሚያበቃ መናገር በዚህ ቀጠና አስቸጋሪ ነው፤ ጋምቤላንና ጁባን የሚያመላልሱ የአገር ልጆችም ይህን ያውቁታል።

እንግዲህ ረጅሙ ሰው ይመለስ ወይስ ይቅር? ከማኑት ታሪክ የሚወጣው ፍርድ ይመለስ የሚል ነው፤ ለደቂቃ ግን አይጠራ። በአሥር ደቂቃ ሻርሎት ላይ የሆነው ሆኗል። ከተጠራ ከእርሱ ቀጥሎ ለሚቆመው ልጅ ይጠራ፤ ውሉም ይህንኑ ይናገር፤ ደመወዙም ለዚህ ይከፈል። ዋሽንግተን ይህን ያገኘው ምናልባት ሳያስበው ነው፤ ሉዎል ዴንግ ግን አስቦበት አደረገው። ተጫዋቹ ራሱ «ገና እችላለሁ» ቢል እንኳ (የማይል የለም!) ጠሪው አስቀድሞ ሊያስብለት ይገባል።

ለዚህ ደግሞ ስፍራ ያሻል። እስከ ፓሪስ ኦሎምፒክ ድረስ ደቡብ ሱዳን ጣሪያ ያለው አንድም የቅርጫት ኳስ አዳራሽ አልነበራትም፤ የጁባ ልጆች የሚለማመዱት በገላጣ የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ኳሱ ይሰበሰባል። በፓሪስ ከቡድኑ ሁሉ በዕድሜ ያነሰው ካማን ማሉዋች ያን ጊዜ 17 ዓመቱ፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ18 ነበር። የተወለደው ሩምቤክ ሲሆን ጨዋታውን የጀመረው በስደት ባደገባት ኡጋንዳ፣ ትምህርቱን ያጠናከረውም ሴኔጋል ውስጥ ነው። በጁን 2025 በኤንቢኤ ምርጫ 10ኛ ሆኖ ተጠርቶ ፊኒክስ ገባ። ጀበል ኩጁር ሥር ኳስ የሚያነጥር የ13 ዓመት ልጅ ከማሉዋች መማር ቢፈልግ፣ ማሉዋችም በክረምት ዕረፍቱ መጥቶ ሊያስተምረው ቢፈቅድ፣ ሁለቱ መጀመሪያ የሚያዩት ሰማዩን ነው፤ ዘንቧል ወይስ አልዘነበም?